የባርነት ክርክር በአሜሪካ የኅትመት ሥራና የመማሪያ መጻሕፍት
(ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)

በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ (1861–1865) በፊት በነበሩት ሠላሳ ያህል ዓመታት፣ ባርነት ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር ምን እንደሚታተም፣ ኅትመቱ እስከ የት እንደሚደርስና ልጆች ምን እያነበቡ እንደሚያድጉ እስከ መወሰን ደርሶ ነበር። ክርክሩ ጸረ ባርነት ጋዜጦችንና መጻሕፍትን ቢያበዛም፣ በሰሜንም በደቡብም ገበያ የነበራቸውን አሳታሚዎች ዝምታ አስመርጧቸዋል።

በ1829 የቦስተኑ ነጻ ጥቁር ዴቪድ ዎከር ባሪያዎች ለነጻነታቸው እንዲነሡ የሚጠራ ጽሑፍ ሲያሳትም፣ ጆርጂያ በዚያው ዓመት፣ ሰሜን ካሮላይና ደግሞ በ1830 እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ማሠራጨትንና ባሪያን ማንበብ ማስተማርን በሕግ ከለከሉ። በ1831 ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን «ዘ ሊበሬተር» የተባለውን ጸረ ባርነት ጋዜጣ በቦስተን ጀመረ። በ1835 የአሜሪካ ጸረ ባርነት ማኅበር ጽሑፎቹን በፖስታ ወደ ደቡብ ሲልክ፣ በቻርልስተን የተቆጣ ሕዝብ ፖስታ ቤቱን ሰብሮ ገብቶ ጽሑፎቹን አቃጠለ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በፖስታ ወደ ደቡብ እንዳይላኩ የሚከለክል ሕግ ቢጠይቁም ኮንግረስ አልተቀበላቸውም፤ ይሁን እንጂ የደቡብ ፖስታ ቤቶች በተግባር ማገዳቸውን ቀጠሉ። በ1837 ጸረ ባርነት ጋዜጠኛው ኢላይጃ ላቭጆይ በኦልተን፣ ኢሊኖይ ማተሚያ መሣሪያውን ሲከላከል መገደሉ፣ የባርነት ጉዳይ ግድ ያልነበራቸውን ብዙ የሰሜን ሰዎች ስለ ፕሬስ ነጻነት እንዲሰጉ አደረጋቸው።

የመማሪያ መጻሕፍት ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1797 የታተመው የካሌብ ቢንጋም «ኮሎምቢያን ኦረተር» የተባለ የንግግር ማስተማሪያ፣ አንድ ባሪያ ጌታውን በክርክር ረትቶ ነጻነቱን የሚያገኝበትን ምልልስ ይዟል፤ በኋላ ታዋቂ የጸረ ባርነት ተሟጋች የሆነው ፍሬደሪክ ዳግላስም በባልቲሞር በባርነት ሳለ ይህን መጽሐፍ በ50 ሳንቲም ገዝቶ አንብቦታል። ክርክሩ በተካረረበት ዘመን ግን በ1836 ከሲንሲናቲ መውጣት የጀመሩት የመጉፊ የንባብ መጻሕፍት ጉዳዩን ከሞላ ጎደል ዘለሉት፤ ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ባርነት የሚፈቅደው ኬንታኪ ስለነበረ፣ አንዱን ወገን ማስቀየም ገበያ ማጣት ነበር። የአሜሪካ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ኅብረትም በ1848 ስለ ባርነት የሚናገር ምንባብ የያዘን የልጆች መጽሐፍ በደቡቦች ቅሬታ ከሥርጭት አወጣ። ባርነት ለልጆች በግልጽ የተነገረው በአብዛኛው ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ሲሆን፣ ከ1836 እስከ 1838 የታተመው «ዘ ስሌቭስ ፍሬንድ» የተባለ የልጆች መጽሔት ለዚህ ምሳሌ ነው።

በ1852 በመጽሐፍ መልክ የወጣው የሃሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎቴ ቶም ጎጆ» በአንድ ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ብቻ 300,000 ያህል ቅጂ ሲሸጥ፣ ጸረ ባርነት ጽሑፍ ራሱ ትርፋማ ገበያ እንዳለው ታየ። መጻሕፍቱን በአብዛኛው ከቦስተን፣ ከኒው ዮርክና ከፊላደልፊያ ያስመጣ የነበረው ደቡብ ግን ይህን ጥገኝነት እንደ አደጋ ቆጠረው፤ በ1856 በሳቫና የተሰበሰበው የደቡብ የንግድ ጉባኤም የክልሉን የራሱን የመማሪያ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ሰየመ። ማተሚያ ቤትና ካፒታል ባለመበርከቱ ዕቅዱ ብዙ አልተራመደም። እንደ ማሪንዳ ሙር የ1863 የጂኦግራፊ መጽሐፍ ያሉ፣ የደቡቡን አቋም ለልጆች የሚያስተምሩ ሥራዎች በብዛት የወጡት ጦርነቱ የሰሜኑን የመጻሕፍት ንግድ ካቋረጠ በኋላ ነው።