ቀኑ ሲያልፍ፦ «ምጥ እናስጀምርሽ» የሚለው ነገር ከየት መጣ?



ከቦሳ ኪቶም ሆነ ከአጋሮ፣ ከሊሙም ሆነ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ። «ዶክተር፣ ቀንሽ አልፏል፣ ተኝተሽ ምጥ ይጀመርልሽ ተባልኩ። እናቴ ደግሞ ልጅ ቀኑን ያውቃል፣ አትንኩት ትላለች። ባለቤቴ መርፌው ኦፕራሲዮን ያመጣል ሲባል ሰምቷል። ምን ይሻለኛል?» ዛሬ መልሱን በታሪክ በኩል እንየው። ምክንያቱም የእናትየውም ፍርሃት የሐኪሙም ምክር ሁለቱም ታሪክ አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1756 ለንደን ውስጥ የታወቁ ሐኪሞች ተሰብስበው አንድ ጥያቄ ተወያዩ። የዳሌ አጥንቷ የጠበበ እናት ልጁ ሳይገዝፍ የእንሽርት ውሃዋን አፍስሶ ቀድሞ ማዋለድ ተገቢ ነው ወይስ ኃጢአት ነው? ተገቢ ነው ብለው ተስማሙ። ለምን እንደተስማሙ ለመረዳት የዘመኑን ሌላ አማራጭ ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ ኦፕራሲዮን የተደረገላት እናት በሕይወት የምትተርፈው ከስንት አንዴ ነበር። ስለዚህ ምጥ ማስጀመር የተጀመረው ለሐኪም ምቾት ተብሎ ሳይሆን እናትን ከሞት ለማትረፍ ነው። በተዘጋ ምጥ ቀናት የቆየች እናት ምን እንደምትሆን የእኛ አገር ሰው ይነገረኝ አይልም። ሐምሊን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ ያገኟቸው የፌስቱላ ታማሚዎች የዚያ ምጥ ጠባሳ ናቸው።

መድኃኒቱ የመጣው ከ150 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሄንሪ ዴል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ማህፀንን እንደሚያኮማትር አወቀ። በ1909 ብሌር ቤል የተባለ ሐኪም ለወላዶች ተጠቀመበት። ችግሩ ፈሳሹ ከእንስሳት ዕጢ የሚጨመቅ በመሆኑ የአንዱ ብልቃጥ ጉልበት ከሌላው አይመጣጠንም ነበር። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ በመርፌ ይሰጣል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይመለስም። ማህፀን የተቀደደባቸው እናቶች ነበሩ። «ምጥ ማምጫ መርፌ ማህፀን ይቀዳል» የሚለው ወሬ እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ አይደለም ማለት ነው።

ይህን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መድኃኒቱን በግሉኮስ ውስጥ አድርጎ ጠብ ጠብ እያለ መስጠት መለመዱ ነው። ቁርጠቱ ከበዛ ይዘጋል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ቪንሰንት ዱ ቪኞ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1953 ኦክሲቶሲንን በላቦራቶሪ መሥራቱ ነው። በ1955 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ከዚያ ወዲህ መጠኑ የታወቀ ሆነ። ሆኖም ኦክሲቶሲን ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ጉልበቱን ያጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው እዚሁ ጎረቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሱልጣን ካሪም የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በኡጋንዳ፣ ካምፓላ ከተማ፣ ማኬሬሬ የሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮስታግላንዲን በተባለ ንጥረ ነገር ምጥ ማስጀመር እንደሚቻል አሳዩ። ካሪም ይህንኑ ንጥረ ነገር በምጥ ላይ ባሉ እናቶች የእንሽርት ውሃ ውስጥ አግኝቶት ነበር። ማለትም ሰውነት ራሱ የሚጠቀምበት ነገር ነው። የእናቶች ሕክምና ሁሉ ከፈረንጅ አገር የመጣ ለሚመስለን ይህን ማወቅ ደስ ይላል። የዛሬው ሚሶፕሮስቶል የዚሁ ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ለጨጓራ ቁስለት ሲሆን የማቀዝቀዣ ችግርም የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ለምጥ ማስጀመሪያ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ለምጥ ማስጀመሪያ የሚሰጠው መጠን 25 ማይክሮግራም ነው። በብዛት የሚገኘው ኪኒን 200 ማይክሮግራም ነው፤ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ውስጥ መዋጥ የ1909ኙን አደጋ መልሶ መጥራት ነው። በፊት በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ደግሞ ምጥ ለማስጀመር ጨርሶ አይሰጥም።

ያለ መድኃኒት የሚሠራ መንገድም አለ። ለሽንት የሚያገለግለው ባለ ፊኛ ካቴተር በማህፀን በር ገብቶ ፊኛው በውሃ ይነፋና በሩን ቀስ እያለ ይከፍታል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ማህፀንንም እንደ መድኃኒቱ ከመጠን በላይ አያኮማትርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ ቀኑ በእርግጥ አልፏል ወይ? ቡና ሲደርስ ቀልቶ ይታያል። ልጅ ግን አይታይም፤ በእጃችን ያለው ቀን ብቻ ነው። በፈረንጅ ቀመር የተሠራውን ስሌት ወደ እኛ አቆጣጠር ስናመጣው እንዲያውም ይቀላል፦ የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን መደመር ነው። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች 9 ወር ከ5 ቀን (ጳጉሜን 6 ስትሆን 9 ወር ከ4 ቀን) ይሆናል። መስከረም 10 ያየች እናት ቀኗ ሰኔ 20 ነው። 41 ሳምንት የሚሞላት ሰኔ 27፣ 42 ሳምንት ደግሞ ሐምሌ 4 ነው። ጥር 10 ያየች ጳጉሜን ስለምታልፍ ቀኗ ጥቅምት 15 ይሆናል።

የወር አበባዋን ቀን ለማታስታውስ፣ ወይም ጡት እያጠባች ላረገዘች እናት የመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የሚሳሳተው በቀናት ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የተነሣ አልትራሳውንድ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። «41 ሳምንት ሆኖሻል» ስትባዪ «በምን አወቃችሁት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ቁም ነገር ነው። ቀኗ በትክክል ሳይታወቅ ምጥ የተጀመረላት እናት ሳንባው ያልጠነከረ ልጅ ልትወልድ ትችላለች።

ቀኑ ከተረጋገጠስ? ከ41 ሳምንት በኋላ ልጅ ማህፀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል፤ በቁጥር ግን አሁንም ትንሽ ነው። ስዊድን ውስጥ 2,760 እናቶችን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ግማሾቹ በ41 ሳምንት ምጥ ተጀመረላቸው፣ ግማሾቹ እስከ 42 ሳምንት ጠበቁ። ከጠበቁት 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ከተጀመረላቸው አንድም አልሞተም። ጥናቱም ከታሰበው ጊዜ በፊት ተቋረጠ። «ኦፕራሲዮን ያመጣል» ስለሚባለውም፣ በካናዳ ተሠርቶ በ1992 የታተመ ከ3,400 በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናት ምጥ የተጀመረላቸው በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንጂ የጨመረ እንዳልሆነ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት በእርግጠኝነት ለሞላት እናት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል፤ ምንም ችግር ለሌለባት ደግሞ ከዚያ በፊት እንዲጀመር አይመክርም።

ይህ ማለት ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም። የማህፀን በር ጠንካራና ዝግ ከሆነ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ወሊድ፣ አንድና ሁለት ቀን ሊፈጅ፣ አንዳንዴም ሳይሳካ ቀርቶ በኦፕራሲዮን ሊያልቅ ይችላል። ይህን ቀድሞ ያልተነገራት እናት «አታለሉኝ» ብትል አልፈርድባትም።

የጅማ ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን ለወታደሮቹ የሠራው ነው፤ በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተባለ፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ነው። ግን ለገጠር እናት ጭንቀቱ ከመድኃኒቱ በፊት መንገዱ ነው። በጅማ መንገድ ካለችው ወልቂጤ ብዙ በማይርቀው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእናቶች ማቆያ ተጀመረ። ወሯ የገባ፣ ሥጋት ያለባት እናት ቀድማ መጥታ እዚያው ትጠብቃለች። ከ1987 እስከ 2008 ያለው መዝገባቸው ሲታይ፣ በማቆያው ከቆዩት ሞቶ የተወለደው ከ1,000 ወደ 18 ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ነበር። እርግጥ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸው። በእኛም ዞን በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች ማቆያዎችን የማሻሻል ሥራ ተሠርቶ ተጠንቷል፤ ነገር ግን የወሊድ ቁጥሩን በግልጽ አልለወጠም። በቡና ለቀማ ወራት ልጆቿንና ቤቷን ለማን ጥላ ትምጣ?

እናም አማራጩ «ይጀመር» ወይም «አትንኩኝ» ብቻ አይደለም። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የፈሰሰ የእንሽርት ውሃ ወይም የቀነሰ የልጅ እንቅስቃሴ ካለ መዘግየት ይጎዳል። ይህ ሁሉ ከሌለ፣ ቀኑ 41 ገደማ ከሆነና ቤትሽ ለሆስፒታል ቅርብ ከሆነ፣ የልጁ የልብ ምትና የውሃው መጠን እየታየ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ይቻላል፤ 42 ሳምንት ግን አይለፍሽ። ቤትሽ የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ ደግሞ፣ ብትጠብቂም እዚያው ማቆያ ሆነሽ ጠብቂ። ከመወሰንሽ በፊት የማህፀን በርሽ ምን ያህል እንደተዘጋጀ፣ በምን እንደሚጀምሩልሽ፣ ካልተሳካ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ጠይቂ። አባትና አያትም አብረው ይስሙ፤ ቤት ስትደርሱ የሚከራከሩት እነሱ ናቸውና።