የካርቦን-16 ዕድሜና የሽግግር ጥንካሬ ልኬት

እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ከሚገኘው ሪኬን የምርምር ተቋም የወጣ አንድ ውጤት የኑክሌር ፊዚክስ ተመራማሪዎችን አነጋገረ። ስድስት ፕሮቶንና አሥር ኒውትሮን ያለው ካርቦን-16፣ 1.766 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ላይ ካለው የመጀመሪያ ንቁ እርከኑ ጋማ ጨረር ለቆ እስኪወርድ በአማካይ 77 ፒኮሰከንድ ይቆያል የሚል ነበር። ይህ ዕድሜ ወደ ሽግግር ጥንካሬ ሲመነዘር 0.26 ዋይስኮፍ አሃድ ይሆናል። አንድ ዋይስኮፍ አሃድ አንድ ፕሮቶን ብቻውን እርከን ቢቀይር የሚጠበቀው ግምት ነው። ጥንካሬው የዚያ ሩብ ብቻ ከሆነ ፕሮቶኖቹ ከእንቅስቃሴው ውጭ ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለቲዎሪ ሰዎች ሠርግና ምላሽ ነው፤ ማብራሪያው ወዲያው መጉረፍ ጀመረ።

ሆኖም ጥንካሬ በቀጥታ አይለካም። የጋማ ጨረሩ ጉልበት በደንብ ስለሚታወቅ ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው በዕድሜው ላይ ነው። ዕድሜው ደግሞ በሰዓት ለመያዝ እጅግ አጭር በመሆኑ በርቀት ይተካል። በብርሃን ፍጥነት 30 በመቶ የሚበር ኑክሊየስ በ77 ፒኮሰከንድ 7 ሚሊሜትር ያህል፣ በ11 ፒኮሰከንድ ግን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ሪኬን የተጠቀመበት ዘዴ ይህን ርቀት በጥላ ይለያል፦ ከዒላማው አጠገብ ወፍራም የጨረር መከለያ ይቆማል፤ ጨረሩ የወጣበት ቦታ በመከለያው ከተጋረዱትና ካልተጋረዱት መቁጠሪያዎች ንጽጽር ይሰላል። ችግሩ ጋማ ጨረር በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመውጣቱ ነው። የአቅጣጫው ሥርጭት በትክክል ካልታወቀ፣ ከማዕዘን የመጣው ልዩነት ከርቀት የመጣ ይመስላል።

በ2008 በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ቤሪሊየም-9 በቤሪሊየም-9 ላይ ተተኩሶ ካርቦን-16 ተፈጠረ። እየበረረ የሚወርደው ኑክሊየስ የሚለቀው ጨረር በዶፕለር ውጤት ጉልበቱ ይዛወራል፤ በታወቀ ርቀት ላይ ካለው ሰሌዳ ደርሶ ፍጥነቱን ካጣ በኋላ የሚወርደው ደግሞ ሌላ መስመር ይሰጣል። የሁለቱ መስመሮች ድርሻ ዕድሜውን ይናገራል፦ 11.7 ፒኮሰከንድ፣ የስህተት ወሰኑም 2 ፒኮሰከንድ። ጥንካሬው ወደ 1.73 አሃድ ወጣ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ከሪኬን የወጣው አዲስ ልኬት 18 ፒኮሰከንድ ገደማ ሰጠ፤ የቀድሞው መረጃም አዲስ በተለካው የአቅጣጫ ሥርጭት ሲታረም ዕድሜው በእጅጉ አጠረ። የራስን ውጤት እንዲህ በአደባባይ ማረም በእኔ እምነት ከመጀመሪያው ግኝት አያንስም። በ2012 የታተመው የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልኬትም ከበርክሌይ ጋር ገጠመ።

ስለዚህ ካርቦን-16 ከጎረቤቱ ከካርቦን-14 (1.8 አሃድ ገደማ) ብዙም አይርቅም። ኒውትሮኖቹ በንቁ እርከኑ ቀዳሚውን ድርሻ መያዛቸው አልተሻረም፤ የተሻረው ፕሮቶኖቹ አይሳተፉም የሚለው ነው። ከ2004 እስከ 2008 የታተሙ ስሌቶችን የሚጠቅስ አንባቢ የትኛውን ዕድሜ ይዘው እንደተነሡ አስቀድሞ ይመልከት።