የማገዶ ነገር በዐዲስ አበባ ታሪክ

ስለ አንድ ከተማ አቈራቈር በተነገረ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመሪዎች ስም፣ የሕንፃዎች ውበትና የአደባባዮች ስያሜ ነው። ይሁን እንጂ ከተማም እንደ ሰው ቀለብ ይሻል፤ ቀለቡም እሳት ነው። እሳት ያጣ ከተማ ቤተ መንግሥቱ ቢያምር፣ ገበያውም ቢደምቅ ነዋሪውን ሊያኖር አይችልም። ለዚህም የዐዲስ አበባ ታሪክ ሁነኛ ምስክር ነው።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ ሕዝቧ እየበዛ ሄደ። ለቤት መሥሪያ፣ ለአጥር፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለብርድ መከላከያ የሚፈለገው እንጨት ሁሉ ይቈረጥ የነበረው በዙሪያው ካለው የጥድና የወይራ ደን ነው። ጥድና ወይራ አድገው ለቍርጥ እስኪደርሱ የሰው ዕድሜ ይፈጃሉ፤ ምሳር ግን አንድ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ ብዙ ዓመት ሳይቈይ አካባቢው ተራቈተ፤ ማገዶም ከሩቅ ይመጣ ጀመር።

በዚያ ዘመን ለዚህ ችግር የታወቀው መድኀኒት፣ ከተማውን ትቶ እንጨት ወዳለበት መሄድ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተምዕራብ ዐዲስ ዓለም የተባለ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን በዐዲስ አበባ መኳንንቱም የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችም ቤት ሠርተው ተደላድለው ነበርና ዝውውሩ ሳይፈጸም ቀረ፤ በዐዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የተገኘ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ብዙ ጸሐፊዎች ያመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው ይላሉ። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቈረጥም ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ችግኙን እንዲተክል አበረታቱ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ ተብሎም ይነገራል። እንግዲህ ዛሬ ታዳሽ ኃይል የምንለውን ነገር፣ ስሙ ሳይታወቅ በፊት ከተማይቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ ተክላው ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ለእያንዳንዱ መፍትሔ ከፋይ አለው። ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል በደኅና አይበቅልም። ከሁሉ ይልቅ የከበደው ሸክሙ ነው። ቅጠሉንና ጭራሮውን አስረው፣ ወገባቸው ጐብጦ ከእንጦጦ ቍልቍለቱን የወረዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። የከተማው እሳት በእነርሱ ጀርባ ሲጓዝ ኖረ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የውሃ ኃይል ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ኃይሉ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ሲሆን፣ በአገራችን የውሃ ኃይል ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ቀጥሎም በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ 43 ሜጋዋት ያህል የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ሆኖም መብራቱ ከበራ በኋላ እንኳ እንጀራ በብዙ ቤት ለረጅም ዘመን በማገዶ ተጋገረ። ግድብ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉን እስከ ጓዳ ማድረስ ግን ሌላ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በከተማው ሲስፋፋ ያ ሸክም በመጠኑ ቀለለ። ይሁን እንጂ አንዱ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል፤ ይህም ከ300 በላይ የዘመኑን ቈጣቢ አምፖሎች ያበራል። ወፍራሙ ሸክላ ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል፤ የሙቀቱም ብዙ እጅ እንጀራው ሳይደርሰው ይባክናል። ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥድ ደግሞ የሠፈሩ መስመር ይጨናነቃል።

አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የከተማ ፕላን መንገድና ሕንፃ ብቻ አለመሆኑን ነው። የቀድሞዎቹ ችግሩ አንገት ላይ ከደረሰ በኋላ በአንድ ዛፍ ዳኑ። እኛ ግን ቀድመን የማሰብ ዕድል አለን። በየመሥሪያ ቤቱ ፕላን የምናጸድቅ፣ በጀት የምንመድብ፣ ውል የምንፈርም ሰዎች ስለ አዲስ ሠፈር በመከርን ቍጥር፣ «የዚህ ሠፈር እንጀራ በምን ይጋገራል? ሸክሙንስ የሚሸከመው ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ እንደ ጀመርን ይቈጠራል።