ባልትና የማን ናት?

እስቲ ወዳጆቻችን፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። እቤታችሁ ውስጥ በባልትና የሚሠራው ነገር ስንት ነው?

እኛ ተሰብስበን መቁጠር ስንጀምር ዝርዝሩ አላልቅ አለን። ለፀጉር ለጋ ቅቤ አለ። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር የሚሞቀው እንሶስላ አለ። ለአራስና ለሙሽራ የወይባ ጢስ አለ። ጋቢና ነጠላ የሚያነጣ እንዶድ አለ። ለበዓል በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት እየነደደበት የሚደፋ ድፎ ዳቦ አለ። ለዘወትር ደግሞ ካለፈው ሊጥ በተቀመጠ እርሾ የሚቦካው እንጀራ አለ። ይህን ሁሉ የሚያውቁት እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው። እኛስ? እኛማ “ተፈጥሯዊ” የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ሳሙና ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ እናነሳለን፣ ዋጋውን አይተን መልሰን እናስቀምጣለን!

ነገሩ የሳሙና ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍን ነበር። የባልትና ታሪክ ግን የባለቤትነት ታሪክም ነው። ለዚህ ሁለት ምስክሮች እንጠራለን። አንዱ ከወንዝ ዳር፣ ሌላው ከቡሃቃ ነው። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከወንዝ ዳር

ጊዜው 1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት ሳይንቲስት ናቸው። ዓድዋ የወረዱት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ትል የዕድሜውን ከፊል የሚያሳልፈው ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ነው። ከዚያ ይወጣና ውኃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መንገድ መዝጋት ነው።

ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው እንዶድ ነው፤ የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈዋል፤ ከፍ ብሎ ያሉት ግን ደህና ናቸው። ከሴቶቹ አንዷን፣ እንዶዱን በሕይወት ያሉት ወዳሉበት ቦታ ትንሽ እንድትጨምርላቸው ጠየቋት። ጨመረች። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

በኋላ ቤተ ሙከራው ምክንያቱን አገኘው። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ ነበር ቀንድ አውጣውን የሚገድለው። ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱ በዶክተሩ ስም “ለማቶክሲን” ተባለ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን አሰባስበው አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ ዝርያ መረጡ። በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ይገባቸዋል!

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ባሕር ተሻገረ። የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረረና የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዜብራ መስል የሚባል ባለቅርፊት እንስሳ ነበር። እንዶድ እሱንም እንደሚገድል በኦሃዮ፣ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ታወቀ። ዶክተር አክሊሉም ከተመራማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲውም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማለትም ፓተንት አወጣበት። ፍትሐዊ እንሁንና፣ ዓድዋ ውስጥ ዜብራ መስል የገደለ ሰው የለም፤ ያ አዲስ ሥራ ነው። ግን እንዶድ ወቅጣ፣ መጠኑን አውቃ፣ ወንዝ ወርዳ ያጠበችው ሴት ስሟ ማን ይሆን? ንጥረ ነገሩ ስም አለው። ዝርያው ቁጥር አለው። እሷ ግን “አንዲት ሴት” ሆና ቀረች።

ከቡሃቃ

ሁለተኛው ምስክር ጤፍ ነው። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ የሚሠሩት ሥራ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። እርሾ ማለት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን ስብስብ ነው፤ ሊጡን የሚያኮመጥጡት እነሱ ናቸው። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ በፈላ ውኃ በስሎ ይመለስና አብሲት ይጣላል፤ ሊጡ ኩፍ ይላል፤ እንጀራው ዓይን ያወጣል። ሙቀቱ፣ ቀኑ፣ የውኃው መጠን፣ ሁሉም የሚለካው በእጅና በዓይን ነው። በዚህ ላይ ጤፍ ግሉተን የለውም። ስንዴ የሚያማቸው አውሮፓውያን የወደዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

በ2003 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትና ከዱቄቱ ስለሚጋገሩ ምግቦች ፓተንት አመለከተ። በ2005 ኢትዮጵያ ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ. በሚል ምህጻር ከሚታወቀው የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ጥቅም የመጋራት ስምምነት ፈረመች። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ከዚያ ሁሉ ተስፋ ለኢትዮጵያ የደረሳት 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር።

ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈና ኖረ። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት “ይህ የፈጠራ እርምጃ የለበትም” ብሎ በኔዘርላንድስ ውስጥ ውድቅ አደረገው። እዚህ ቤት ደስታ ሆነ፤ እኛም ደስ ብሎናል። ግን አንድ ነገር እናስተውል። ፍርድ ቤቱ ፊት የቆመችው ኢትዮጵያ አልነበረችም። ባለ ፓተንቶቹ የከሰሱት የዳቦ ግብዓት የሚያቀርብ ሌላ ኩባንያ ነበር፤ የእናቶቻችንን ቡሃቃ ያስከበረው የሌሎች የንግድ ጠብ ሆነ!

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከሕንዶች እንማር። በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ያድናል ተብሎ ፓተንት ተሰጠ። የሕንድ እናት ሁሉ የምታውቀውን! ሕንዶች ግን “ይኸው ቀድሞ ተጽፏል” ብለው የቆዩ ጽሑፎቻቸውን አቀረቡ፤ በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ። ፓተንት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ነገር ነውና፣ ቀድሞ የተጻፈ ነገር አዲስ ሊባል አይችልም። እኛም በ1998 ዓ.ም. የወጣ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን። ሕጉ መልካም ነው። ግን ያልተጻፈን ዕውቀት ይዞ እንዴት ይሟገታል?

አንሳሳት፤ እንዶድ ወቅጣችሁ ወንዝ ውረዱ አላልንም። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለዓይንም ለሆድም አይሆንም፤ ባልትናም ልክና ጥንቃቄ አላት። ደግሞ የሙቀጫና የምጣድ ሥራ የስንቷን ሴት ወገብ እንደሰበረ እናውቃለን። ልጆቿ ፊደል ሲቆጥሩ እሷ ጓዳ የቀረችው ወዳ አልነበረም። ዕውቀቷ ያልተጻፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛ ግን ፊደል ቆጥረናል። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይባላል። እስቲ በሚመጣው በዓል ድፎው ሲደፋ አጠገባቸው ቁጭ እንበል። ዱቄቱ ስንት ነው? እርሾው ስንት ቀን ይቆያል? ኮባው ሲጠፋ በምን ይተካል? ቅቤው ውስጥ የሚገባው የቱ ቅጠል ነው? “እንዲሁ በግምት ነው” ቢሉንም ግምቱን እንለካው።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ከገጹ አናት ላይ ቀኑንና የባለሙያዋን ሙሉ ስም እንጻፍ። “አንዲት ሴት” ሆና እንዳትቀር።

ቸር እንሰንብት!