ባቡሩ ያልወጣው ዳገት፦ ድሬዳዋና መሬቷን ያነበቡ ሰዎች

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድሬዳዋን ዛሬ ባለችበት ቦታ ያቆማት ዳገት ነው።

በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ነጭ አባይ እንዲዘልቅ ነበር። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ከዚያ በላይ ያለው አቀበት ለሎኮሞቲቭ ከባድ፣ ለገንዘብ ከፋዩ ደግሞ የባሰ ሆነ። ሐረር ቀረች። ከግርጌው አዲስ ከተማ በቀለ፤ ሊሰጠው የታሰበው ስም «አዲስ ሐረር» ነበር፣ የጸናለት ግን ድሬዳዋ የሚለው ነው።

ይህን ታሪክ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ዳገቱ ራሱ ከየት እንደመጣ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመንገድ የሚለያቸው 60 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በደንገጎ በኩል ወደ ላይ የሚጠማዘዘው አስፋልት የሚወጣው የመሬት ቅርፊት ተሰብሮ አንዱ ወገን የሰመጠበትን፣ ሌላው ከፍ ብሎ የቀረበትን ጠርዝ ነው። ከደቡብ ያለው ደጋ የሶማሊያ ሰሌዳ ጫፍ ነው፤ ከሰሜን የተዘረጋው ቆላ ወደ አፋር ይወርዳል። የከተማዋ ዙሪያ በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚሄዱ ስብራቶች እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካው የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ፣ የሳቢያን ጉድጓዶች የሚያወጡት ውኃ፣ ደቻቱ የሚወርድበት ሸለቆ፣ ሁሉም የዚህ የተሰባበረ መሬት ቤተሰቦች ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፦ ያ ስብራት ሞቷል ወይስ ተኝቷል?

መልሱን ለመፈለግ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አራት ኪሎ መሄድ ግድ ይላል። በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር አዲስ አበባ ለሳይንቲስቶች የምትፈለግ ቦታ ነበረች፤ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በአቅራቢያዋ ያልፋልና። በካናዳ ኢየሱሳውያን ይመራ በነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ያስተምሩ የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን በዚህ አጋጣሚ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። የመጣው ለመግነጢስ ነው፤ የቀረው ግን ለመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ።

ሳይውል ሳያድር መሬቱ ራሱ ሥራ ሰጣቸው። በ1961 በደቡብ ወሎና በሰሜን ሸዋ ድንበር፣ በካራቆሬ አካባቢ ለሳምንታት የዘለቀ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ማጀቴ ፈረሰች፤ የአዲስ አበባ አሥመራ መንገድ ተጎዳ። በ1969 ደግሞ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የአፋሯ ሰርዶ ፈራርሳ የሰው ሕይወት ጠፋ።

በዚያው በ1960ዎቹ አሜሪካ በዓለም ዙሪያ የዘረጋችው የርዕደ መሬት መመዝገቢያ መረብ አንዱ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ተተከለ። ለዚያ ሁሉ መሣሪያ ገንዘብ የፈሰሰው የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ለማዳመጥ ነበር። የኢትዮጵያ ርዕደ መሬት ሳይንስ ከቀዝቃዛው ጦርነት ፍርፋሪ በላ ማለት ይቻላል፤ ነውር የለውም፣ በየአገሩ እንዲሁ ነው።

ነገር ግን አንድ ጣቢያ ብዙ አያይም። መሬት ስትናወጥ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይነሣል፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ። የመብረቁ ብልጭታ ቀድሞ ነጎድጓዱ እንደሚከተል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰከንድ በ8 ገደማ ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ድሬዳዋ ሥር የተነሣ ነውጥ አራት ኪሎ ሲደርስ ሁለቱ ሞገዶች ከ40 ሰከንድ በላይ ይራራቃሉ። ይህ ርቀቱን ይናገራል፤ ቦታውን በእርግጠኝነት ለመለየት ግን ቢያንስ ሦስት ጣቢያ ያስፈልጋል። ትንንሾቹ ነውጦችማ ከዚያ ርቀት ጨርሶ ላይታዩ ይችላሉ።

አባ ጉዋን የመሣሪያውን ድህነት በወረቀት ሊሞሉት ተነሡ። ዜና መዋዕል፣ የመንገደኞች ማስታወሻ፣ የሚሲዮናውያን ደብዳቤ፣ የቆዩ ጋዜጦች አገላበጡ። የትኛው ግንብ ተሰነጠቀ? ደወል በራሱ ጮኸ? ሕዝቡ ስንት ሌሊት ውጭ አደረ? ከእንዲህ ያለ ወሬ የነውጡን ኃይልና ማዕከሉን መገመት ይቻላል። በ1906 ዓ.ም. ሳይሆን በ1906 እንደ ፈረንጅ፣ ማለትም ምኒልክ በሕይወት ሳሉ፣ አዲስ አበባን ያንቀጠቀጠው ትልቁ ነውጥ ምንጩ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ መሆኑ የተለየው በዚህ ዓይነት ሥራና በውጭ አገር ጥንታዊ መሣሪያዎች ምዝገባ ነው። ውጤቱ በ1979 ኦታዋ ላይ የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ሆነ። ዛሬም ድረስ በዚህ አገር ስለ ርዕደ መሬት አደጋ የሚያሰላ ሰው ከዚያ መጽሐፍ ሳይጀምር አይሆንለትም።

መጽሐፉ ግን አንድ ችግር አለበት፤ የደራሲው ጥፋትም አይደለም። ነውጥ የተመዘገበው ጸሐፊ ባለበት ነው። ጎንደር ጸሐፊ ነበራት፤ አንኮበር የእንግሊዝ መልእክተኞች ነበሩባት፤ ምጽዋ መርከብ ይደርስባት ነበር። ከ1902 በፊት ድሬዳዋ ላይ ቆሞ «ዛሬ ሌሊት መሬቱ ተናወጠ» ብሎ የሚጽፍ አልነበረም። ዝምታውን እንደ ሰላም የሚቆጥር ሰው ካለ ተሳስቷል።

ከጉዋን በኋላ ሥራው በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ላእከ ማርያም አስፋው ኦብዘርቫቶሪውን በአስቸጋሪ ዘመን ይዘው ቆዩ፤ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ መሬቱን ስለሚሰነጥቁት ስንጥቆች ያቀረቡት ጥናት በ1982 ኔቸር ላይ ወጥቷል። ቀጥለው የመጡት አታላይ አየለ በስዊድን ኡፕሳላ ተምረው ተመለሱ። በ2024 እና በ2025 የፈንታሌው ነውጥ ሲበረታ ሕዝቡ በየቴሌቪዥኑ ያዳምጣቸው የነበሩት እሳቸው ናቸው።

የዚህ ትውልድ መሣሪያ ሌላ ነው። ከ2001 እስከ 2003 ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች «ኢግል» በተባለው ፕሮጀክት ስምጥ ሸለቆውን ከላይ እስከ ታች አነሡት። አንድ ሺህ ገደማ መመዝገቢያዎች ተዘርግተው፣ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ፈንጂ እየፈነዳ ሞገዱ ከጥልቁ ዓለት እየነጠረ ሲመለስ ተለካ። ሐኪም ሲቲ ስካን እንደሚያነሣው ማለት ነው፤ በሽተኛው መሬት ሆነ እንጂ። ቅርፊቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ተነሥቶ ወደ አፋር ሲጠጋ ወደ 26 ኪሎ ሜትር እንደሚሳሳ ታየ። በሸለቆው መሃል ሥር የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት ተሰግስጎ ተገኘ።

ለድሬዳዋ ዋናው ግኝት ይህ ነው፦ ነውጦቹ በአብዛኛው የተሰበሰቡት በሸለቆው መሃል ባሉት የእሳተ ገሞራ ቀበቶዎች ላይ ነው። ዳገቶቹን የሠሩት የጥንት የዳር ስብራቶች የመለያየቱን ሥራ በአብዛኛው ለመሃሉ አስረክበዋል። በአብዛኛው እንጂ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ በምዕራቡ ጠርዝ፣ በአንኮበር በኩል ያለው ስብራት አሁንም ሲንቀሳቀስ ተመዝግቧል። ስለዚህ «ድሬ ነገ ትፈርሳለች» የሚለው የፌስቡክ ሟርት መሠረት የለውም። «ድሬ ምን አገባት» የሚለውም እንዲሁ።

መሃሉ እንዴት እንደሚሠራ በ2005 መስከረም በአፋር ዳባሁ ላይ ታየ። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ቅልጥ ዓለት ሞላው፤ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2024 እና በ2025 ደግሞ ተራው የፈንታሌና የዶፈን ሆነ። ትልልቆቹ ነውጦች 6 ገደማ ደረሱ፤ ከአዋሽ፣ ከመተሐራና ከዱለቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሡ። አዋሽና መተሐራ የሚቀመጡት ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው በዚያው የባቡር መስመር ላይ ነው።

አገሪቱ ለርዕደ መሬት የሚሆን የግንባታ ደንብ የላትም ማለት አይቻልም፤ በ1983፣ በ1995 እና በ2015 ወጥቷል። ብሎኬት እየደረደረ ያለ በቂ ብረት አራተኛ ፎቅ የሚጨምር ባለቤትም ሆነ ዝም የሚለው ተቆጣጣሪ ስለ ደንቡ አልሰማሁም ሊል አይችልም። ድሬ በ2006 ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሲወስድባት ወንዙ እንግዳ አልነበረም፤ መንገዱን ሁሉም ያውቀው ነበር።

አባ ጉዋን ኋላ ላይ ወደ አገራቸው ተመልሰው የኩቤክን የጥንት ነውጦች በዚያው ዘዴ፣ አሮጌ ወረቀት እያገላበጡ መረመሩ፤ ያም በ2001 መጽሐፍ ሆኗል። የድሬዳዋ ተራ ግን ገና ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሐዲድ ሲጣመም፣ ድልድይ ሲሰነጠቅ፣ ድንጋይ መስመር ላይ ሲወርድ ለአለቃው በፈረንሳይኛ ሲያመለክት ኖሯል። ከዚያ ወረቀት የተረፈው ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል። በከዚራና በመጋላ ያሉ አዛውንትም ልጅ ሳሉ ሌሊት ከቤት ያስወጣቸውን ነውጥ ከጠየቋቸው ይናገራሉ፤ ግድግዳው በየት በኩል እንደተሰነጠቀ ጭምር።