ጥርስ ለመትከል መወሰን፦ የኢምፕላንት ታሪክ ምን ያስተምረናል?

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የንግግር መርሐ ግብር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



 አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምናን ታሪክ የማጠናና የማስተምር ሰው ነኝ። ጥርሴን የነቀልኩት በመዛግብትና በአሮጌ የሕክምና መጻሕፍት መካከል ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላሳስብ።

ርዕሱን ያስመረጠኝ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የስኳር ሕመም አለባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በታችኛው መንጋጋቸው የቀሩት ጥርሶች ተነቀሉና ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው። የላይኛው ደኅና ተቀመጠ። የታችኛው ግን አልቀመጥ አለ፤ ሲናገሩ ይነሣል፣ ሲያኝኩ ይንሸራተታል፣ ድዳቸውን ያቆስላል። ቀስ በቀስ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ተዉ። አንድ ክሊኒክ በአንድ ቀን ሙሉ ጥርስ እንደሚተክልላቸው ነገራቸው፤ የተጠየቀው ዋጋ የቤተሰባችንን አቅም የሚፈትን ነበር። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለ። እኅቴ «በዚህ ዕድሜያቸው አጥንት ማስበሳት ምን ይሉታል?» ብላ ተቃወመች። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንተ ታሪኩን ታውቃለህ፤ ወስን።»

ታሪክ ማወቅ ለመወሰን አይበቃም። ነገር ግን ምን መጠየቅ እንዳለብን ሊያሳየን ይችላል። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ የጥርስ ኢምፕላንት እምነት የሚጣልበት ሕክምና የሆነው ተስማሚ ብረት በመገኘቱ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሞች መጠበቅንና ውድቀታቸውን መቁጠርን በመማራቸው ጭምር ነው። ዛሬ ለራሱ ወይም ለወላጁ የሚወስን ሰውም ከዚያው ሥርዓት መጀመር ይኖርበታል።

የሌላ ሰው ጥርስ

የጠፋ ጥርስን የመተካት ምኞት ጥንታዊ ነው። በጣሊያን ምድር የኖሩት ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ምትክ ጥርስን በወርቅ ጥምጥም ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ያስሩ ነበር። በ1931 በሆንዱራስ በተገኘና ከክርስቶስ ልደት በኋላ ወደ 600 ዓመት ገደማ እንደሆነ በሚገመት የታችኛ መንጋጋ ላይ ደግሞ በሦስት የፊት ጥርሶች ቦታ የዛጎል ቁርጥራጮች ተሰክተው ተገኝተዋል። በኋላ በኤክስሬይ ሲመረመር በዛጎሎቹ ዙሪያ አጥንት ማደጉ ታየ።

ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የ18ኛው መቶ ዓመት ለንደን ነው። የዘመኑ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር በ1771 ስለ ሰው ጥርስ የተፈጥሮ ታሪክ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ሀንተር የሰውን ጥርስ በአውራ ዶሮ ኩክኒ ላይ ተክሎ ነበር፤ ናሙናው እስከ ዛሬ በለንደን በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛል። በእርሱ ሥልጣን ተደግፎ፣ ከድኻ አፍ ነቅሎ ወዲያው በባለጸጋ አፍ የመትከል ልማድ ተስፋፋ። ሠዓሊው ቶማስ ሮውላንድሰን በ1787 ይህንኑ በስላቅ ሥዕሉ አሳየ፦ ጭስ ማውጫ የሚጠርግ ብላቴና ጥርሱ ሲነቀል ወይዘሮዋ ተራዋን ትጠብቃለች።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በአፋቸው የቀረው የተፈጥሮ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው በተለምዶ እንደሚነገረው ከእንጨት የተሠራ አልነበረም፤ ከጉማሬ ጥርስ፣ ከብረትና ከሰው ጥርስ ነበር። በ1784 የሒሳብ መዝገባቸው ላይ ለ9 ጥርሶች ለጥቁር ሰዎች ገንዘብ መከፈሉ ሰፍሯል። ጥርሶቹ በማን አፍ እንደ ገቡ መዝገቡ አይናገርም፤ ከማን አፍ እንደ ወጡ ግን ይናገራል።

የተተከሉት ጥርሶች ብዙ አልቆዩም፤ በሽታ የማስተላለፋቸው ወሬም ተሰማ፤ ልማዱም ከሰመ። ከዚያ ዘመን አንድ ጥያቄ እወስዳለሁ፦ አንዱ ጥርስ ሲያገኝ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ብረት ያለ ቆጠራ

ቀጣዩ ምዕራፍ የብረት ነው። በ1809 ማጆሎ የተባለ የጥርስ ሐኪም በፈረንሳይ የወርቅ ሥር ስለ መትከል ጻፈ። በ1913 አሜሪካዊው ግሪንፊልድ ከኢሪዲየምና ከፕላቲነም የተሠራ፣ ቅርጫት የመሰለ ሥር አስተዋወቀ። በ1930ዎቹ መጨረሻ በቦስተን አልቪን ስትሮክ ቫይታሊየም ከተባለ ቅይጥ የተሠራ ብሎን በመንጋጋ አጥንት ውስጥ አሰረ። በ1960ዎቹ ደግሞ የኒውዮርኩ ሊዮናርድ ሊንኮው ምላጭ የሚመስል ኢምፕላንት አስፋፋ።

እነዚህን ሰዎች በንቀት የምንመለከታቸው አይደሉም። አንዳንዱ ሥራቸው ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ችግሩ ሌላ ነበር። ሪፖርቶቹ በአብዛኛው ሐኪሙ ስለ ራሱ የተሳኩ ሕሙማን የተናገራቸው ነበሩ። ያልተሳካላቸው ስንት እንደሆኑ አንባቢ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ብዙ ጊዜ በብረቱና በአጥንቱ መካከል ለስላሳ ሥጋ ይፈጠር ነበር፤ ይህንንም የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት የሚያያይዝ ጅማት ምትክ ነው ብለው የሚያምኑ ነበሩ።

በ1978 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትና ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በጉዳዩ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው ለስኬት ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ ኢምፕላንቱ በ100 ሕሙማን ቢተከል በ75ቱ ለ5 ዓመት እንዲያገለግል ነበር። አስቡት፤ ከአራት አንዱ በ5 ዓመት ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ሕክምናው እንደ ተሳካ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ተስፋው በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ዝቅተኛ ነበር።

የጎተንበርግ ትዕግሥት

በዚያው ጊዜ በስዊድን የተለየ ሥራ ይሠራ ነበር። ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የደም ዝውውርን በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያጠና ነበር። ለዚህም በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ የመመልከቻ መሣሪያ አስገባ። ጥናቱ አልቆ መሣሪያውን ሊያወጣ ሲል አልወጣ አለው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የዕድል ታሪክ ሆኖ ይነገራል። እኔ ግን ቀጥሎ የመጣውን አስበልጣለሁ። ከጥንቸሉ እስከ መጀመሪያው ሕመምተኛ 13 ዓመታት አለፉ፤ በመካከሉ በውሾች ላይ ረጅም ሙከራ ተደረገ። በ1965 በጎተንበርግ ዮስታ ላርሶን የተባለ ሰው ታከመ። ላርሶን በላንቃ መሰንጠቅና በመንጋጋ ጉድለት ተወልዶ፣ በታችኛው መንጋጋው ጥርስ ያልነበረው ሰው ነው። አራት ኢምፕላንቶች ገቡለት፤ በ2006 እስኪሞት ድረስም ከ40 ዓመታት በላይ ተጠቀመባቸው።

የአሠራሩ ሥርዓት ጥብቅ ነበር። አጥንቱ በመሰርሰሪያው ሙቀት እንዳይሞት በዝግታና በፈሳሽ እየቀዘቀዘ ይበሳል። የጎተንበርግ ተመራማሪዎች በ1983 እንዳሳዩት፣ አጥንትን በ47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ማሞቅ ብቻ እንኳ ይጎዳዋል። ከዚያ ኢምፕላንቱ በድድ ተሸፍኖ በታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ በላይኛው እስከ 6 ወር ያለ ጭነት ይቆያል። ጥርሱ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ቆጠራቸውን ነው። በ1981 ያወጡት ጥናት ከ1965 እስከ 1980 በተከታታይ የመጡ 371 ሕሙማንን፣ 410 ጥርስ አልባ መንጋጋዎችንና 2,768 ኢምፕላንቶችን ያካትታል። «በተከታታይ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ የተሳካለት ተመርጦ፣ ያልተሳካለት ተትቶ አይደለም። ሥርዓቱ ከጸና በኋላ ከ5 እስከ 9 ዓመት ከተከታተሏቸው ኢምፕላንቶች በላይኛው መንጋጋ 81 በመቶው፣ በታችኛው 91 በመቶው ጸንተው ተገኙ። የወደቁትም በዚያው ሰነድ ተቆጥረዋል። በ1982 ጆርጅ ዛርብ በቶሮንቶ በጠሩት ጉባኤ፣ ሥራው ከስዊድን ውጭም መደገሙ ታየ፤ የሰሜን አሜሪካ ሐኪሞችም አመኑ።

ከስኬት በኋላ የመጣው

ዛሬ ውጤቱ ከዚያም ተሻሽሏል። በተገቢው መንገድ ከተተከሉ ኢምፕላንቶች ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በቦታቸው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ «በቦታው አለ» እና «ጤነኛ ነው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኢምፕላንቱ ዙሪያ ድዱ ሊያብጥና አጥንቱ ቀስ በቀስ ሊበላ ይችላል። ቀደም ሲል በድድ በሽታ ጥርሱን ያጣ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ኢምፕላንት በትል አይበላም፤ ከጽዳትና ከክትትል ግን ነፃ አይደለም።

በአንድ ቀን የመትከል ዘዴም ማታለል አይደለም። በ2003 የሊዝበኑ ፓውሎ ማሎና ባልደረቦቹ በአራት ኢምፕላንቶች ላይ ሙሉ የታችኛ ጥርስ ወዲያው ስለ ማሰር ጽፈዋል። ግን ይህ ኢምፕላንቱ ሲገባ አጥንቱ አጥብቆ ለያዘለት፣ ተመርምሮ ለተመረጠ ሰው ነው። ማስታወቂያ ሲነገር መጀመሪያ የሚቀረው ይህ «ለተመረጠ» የሚለው ቃል ነው።

ሁለት ሌሎች ሥራዎችም ከኢምፕላንቱ ታሪክ ጎን መቆም አለባቸው። የኔዘርላንዱ ካይዘር በ1981 እንዳሳየው፣ ሰው የኋላ መንጋጋ ጥርሶቹን ሁሉ ባይተካም የፊቶቹና ቀጣዮቹ ጥንድ በጥንድ ከተጋጠሙለት በደኅና ማኘክ ይችላል። ክፍት ቦታ ሁሉ መሞላት አለበት ማለት አይደለም። ሁለተኛው የእናቴን ሁኔታ የሚነካ ነው። ታልግሬን በ1972 ባወጡት፣ ሕሙማንን እስከ 25 ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ ተነቃይ ጥርስ በሚያደርጉ ሰዎች የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከላይኛው በአራት እጥፍ ገደማ ይሟሽሻል። የታችኛው ጥርስ አልቀመጥ የሚለው ለዚህ ነው። በ2002 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም፣ ጥርስ አልባ ለሆነ የታችኛ መንጋጋ የመጀመሪያው ምርጫ በሁለት ኢምፕላንቶች የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ እንዲሆን መከሩ። ሁለት ኢምፕላንት ከሙሉ ተከላ በዋጋም በቀዶ ሕክምናም የቀለለ ነው።

ውሳኔው

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አራት ጥያቄዎች ይዤ ወደ ቤተሰቤ ተመለስኩ። የጠፋው ጥርስ ከሰውየው ሕይወት በእርግጥ ምን ወሰደ? የሚተከልበት አጥንት፣ ድድና አካል ዛሬ ዝግጁ ነው ወይስ መጠበቅ ያሻዋል? ከ10 ዓመት በኋላ የሚያጸዳው፣ የሚከታተለውና የሚጠግነው ማን ነው? ቢወድቅስ ወደ ምን መመለስ ይቻላል?

ለምሳሌ እኔ ራሴ ከኋላ አንድ የመንጋጋ ጥርስ ጎድሎኛል። በጥያቄዎቹ ስመዝነው የወሰደብኝ ነገር የለም፤ ክፍት ተውኩት። የፊት ጥርሱ የጎደለበት ወጣት፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶቹ ጤነኞች ከሆኑ፣ ሌላ መልስ ያገኛል፤ ለብሪጅ ሲባል ጤነኛ ጥርስ ከመሞረድ ኢምፕላንት ሊሻለው ይችላል።

እናቴን «የቀረብዎት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስለ መልካቸው አንድም ነገር አልተናገሩም። «ሰው ቤት ስጠራ ምክንያት መፈለግ ሰለቸኝ» አሉ። ያን ጊዜ እኅቴም ዝም አለች። የአንድ ቀኑን ተከላ ትተን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ መጀመሪያ ያዘዘችው የስኳር ክትትል ነበር፤ አምስት ወር ጠበቅን። ከዚያ ሁለት ኢምፕላንቶች ገቡ፤ አጥንቱ እስኪይዝ ሌላ ሦስት ወር ጠበቅን። ወንድሜ ሊልክ ካሰበው ከፊሉ ተርፎ ለየስድስት ወሩ ምርመራ ተቀመጠ። በየምሽቱ ጥርሱን አውጥቶ ማጠብ የእርሳቸው ሥራ ነው፤ እጃቸው ሲደክም የማን እንደሚሆንም ከወዲሁ ተነጋግረናል።

አሁን ጥርሱ ከታሰረ አሥር ወር ሆነው። ባለፈው በዓል ከጎረቤት ጋር ማዕድ ቀርበው አየኋቸውና ደስታዬን ገታ አድርጌ፣ ለታሪክ ሰው አሥር ወር ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት መቁጠር እንዳለብን ነገርኳቸው። ጥብሱን እያኘኩ «አንተ ቁጠር፤ እኔ ልብላ» አሉኝ።

ንግግሬን በዚህ አበቃለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።