አስታማሚ ያልገባበት ሌሊት

የሐኪምና የነርስ እንቅልፍ ማጣት ከኮሮና ጋር የመጣ ወሬ ሊመስለን ይችላል። ጣና ዳር ግን ታሪኩ ረዘም ይላል።

በፈረንጆቹ 1953 ከሐይቁ በስተሰሜን ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ወደ 7 ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። በማግስቱ ዓመት የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኼው እልቂት ነበር። በ1958 ደግሞ ወባው ደጋውን ሳይቀር አዳርሶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ 150 ሺህ የሚሆነው ሞተ። ከነዚያ ዓመታት የደረሰን የሟች ቁጥር ነው። ኪኒን ይዞ ከቤት ቤት ሲዞር ስላነጋው ድሬሰር ማን ጻፈ?

ወደ ኮሮናው ልምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። መጋቢት 22 ባህር ዳር ለ14 ቀን ተዘጋች፤ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳምም አብረው።

ይኼን ሁላችንም እናስታውሳለን። የማናስታውሰው ዋርዱ ውስጥ የሆነውን ነው። በእኛ አገር ሆስፒታል ታማሚ ብቻውን አይተኛም፤ አስታማሚ አለው። ውሃ የሚያቀብለው፣ የሚያገላብጠው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ «ሲስተር!» እያለ ኮሪደሩን የሚያካልለው ዘመድ ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያድረውም እሱ። (እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ተረኛዋ ነርስ ትንሽ ጋደም የምትለው አስታማሚ አለ ብላ ነው።) ኮሮና ያንን ሰው ከበር መለሰው። ሥራው ግን አብሮት አልሄደም፤ ተጠቅልሎ ነርሷ ላይ ወደቀ። ያውም በላብ በሚያጠምቅ ቱታ ውስጥ ሆና፣ ጉም የያዘው መነጽር አጥልቃ፣ ኦክስጅኑ የሚያልቅበትን ሰዓት እያሰላች።

ተራዋን ጨርሳ ስትወጣስ? የሰውነት ሰዓት የሚመራው በብርሃን ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ልብ እየመታ መተኛት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ብዙው ባለሙያ ተከራይ ነው። ግቢው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ልጄን ልቀፍ ወይስ ልራቅ እያለ ማን እንቅልፍ ይወስደዋል?

በዚያው ሰሞን ቻይና ውስጥ 1,257 የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው 34 በመቶዎቹ የእንቅልፍ ማጣት ምልክት ታይቶባቸዋል። እኛም አገር ተመራማሪዎች ተመሳሳይ መጠይቅ ይዘው ሆስፒታል ገቡ። መጠይቁ 7 ጥያቄ ነው፤ ድምሩ ከ28 ይያዛል፤ 15 ከደረሰ ነገሩ የሐኪም ዓይን ይፈልጋል። እንቅልፍ ቶሎ ይወስድሃል ወይ፣ ሌሊት ትባንናለህ ወይ፣ ቀን ሥራህን ያውክሃል ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። ተራ ነገር ይመስላል አይደል? ለእኔ ግን ከዚያ ዘመን የወባ ድሬሰር ወዲህ ትልቁ ለውጥ ይኼ ነው። ሰዉን «ስንት ሞተ?» ብቻ ሳይሆን «አንተስ እንዴት አደርክ?» ብለው ጠየቁት።

አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የሚጠይቀው ስላለፉት 2 ሳምንታት ብቻ ነው። ባህር ዳር ላይ ደግሞ ሌሊቶቹ ተቀጣጠሉ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ ህዳር ላይ ከተማዋ በሮኬት ተመታች፤ ቁስለኛ መምጣት ጀመረ። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ተረኛ የሚያድሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። የኮሮናው ክፍልም ገና አልተዘጋም። የመጀመሪያው የክትባት ጭነት አገር ውስጥ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ነው።